ርችት ሲተኮስ ውሻዬን እንዴት ላረጋጋው?

ጥያቄ፦ የምኖረው በአሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ባለፈው ዓመት ጁላይ 4 ቀን፣ በአሜሪካ የነጻነት በዓል ማታ፣ ርችት መተኮስ ሲጀምር ውሻዬ እየተንቀጠቀጠ አልጋ ሥር ተደበቀ፤ እስኪነጋም ምግብ አልቀመሰም። ላቅፈው ስል ፍርሃቱን ታባብሺበታለሽ ብለው ከለከሉኝ። ዘንድሮ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ወደ እርስዎ ከተጠጋ ያለ ሥጋት ይቀፉት። ፍርሃት ስሜት እንጂ በሽልማት የሚጠናከር ጠባይ ስላልሆነ ማባበልዎ አያባብሰውም፤ መደበቅን ከመረጠ ግን ጎትተው አያውጡት። ሰው እስከ 20,000 ኸርዝ (የድምፅ ቅጥነት መለኪያ) ገደማ ሲሰማ ውሻ እስከ 45,000 ገደማ ይሰማል፤ ከዚህም በላይ ፍንዳታው ለምን እንደሆነና መቼ እንደሚያበቃ የሚነግረው የለም።

በዕለቱ ሳይመሽ ያንሸራሽሩት፤ ከዚያም መስኮቱንና መጋረጃውን ዘግተው፣ ሬዲዮ ከፍተው፣ ከመንገድ ራቅ ባለ ክፍል የለመደውን ምንጣፍ ያንጥፉለት። በድንጋጤ ከቤት ወጥተው የሚጠፉ ውሾች ስላሉ፣ ከቆዳው ሥር ያለው ማይክሮቺፕ (ባለቤቱን ለማግኘት የሚረዳ ትንሽ መለያ) የተመዘገበበት ስልክ ቁጥር አሁን የሚጠቀሙበት መሆኑን አስቀድመው ያረጋግጡ።

የሰው ማስታገሻ ፈጽሞ አይስጡት። እንደ ነገሩኝ ፍርሃቱ ጠንካራ ስለሆነ፣ በዓሉ ሳምንታት ሲቀሩት የእንስሳት ሐኪም ያማክሩ። አሴፕሮማዚን ብቻውን ከታዘዘልዎ ግን ሌላ አማራጭ ይጠይቁ፤ ይህ መድኃኒት ሰውነትን ቢያደነዝዝም ፍርሃቱን ስለማያስወግድ፣ እንስሳው ጸጥ ብሎ ተኝቶ ውስጡ ግን እየተሸበረ ሊያድር ይችላል። ለድምፅ ፍርሃት ተብሎ የተፈቀደ፣ በጉንጭና በድድ መካከል የሚቀባ የዴክስሜዴቶሚዲን ጄል መኖሩንም ለሐኪሙ ያንሱላቸው።