ጥያቄው የፓምፑ ነበር ወይስ የቡናው?

ውድ የጅማ ተመራቂ ተማሪዎች፣

ባለፈው ሳምንት ስለ ሥራ ዓለም እንዳወራላችሁ ጋብዛችሁኝ ሳለ፣ ከኋላ ረድፍ የተነሣች አንዲት ተማሪ «ችግርን በፈጠራ ፍቱ ትሉናላችሁ፤ እርስዎ ግን መሣሪያ አጥተው የፈቱት ችግር አለ?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔም ከአሮጌ የመኪና ጎማ ላስቲክ ቆርጬ የቡና መፈልፈያ ማሽን ፍሳሽ ያስቆምሁበትን ታሪክ ነገርኋችሁ፤ ሳቃችሁ፣ አጨበጨባችሁም። ታሪኩ እውነት ነው። ይሁን እንጂ እቤቴ ገብቼ ከተኛሁ በኋላ እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ጥያቄውን በሰማሁ ጊዜ መጀመሪያ ትዝ ያለኝ ሌላ ታሪክ ሆኖ ሳለ ያንን ትቼ የሚያስጨበጭበውን መርጬ ነበርና። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ያልነገርኋችሁን ለመንገር ነው።

ዘመኑ 1981 ዓ.ም. ሲሆን ወሩ ኅዳር ነበር። የሃያ ስድስት ዓመት ወጣት ነበርሁ፤ ከጅማ ከተማ በመኪና ሁለት ሰዓት ያህል በሚያስኬድ ገጠር ውስጥ፣ ስሙን በማልጠራው አንድ የእሸት ቡና ማጠቢያ ጣቢያ የማሽኖቹ ኃላፊ ነበርሁ። ከቡና ጋር ላልተዋወቃችሁ ባጭሩ ላስረዳ፤ ቀይ እሸት ተለቅሞ ከሰዓት በኋላ ወደ ጣቢያው ይገባል፣ እዚያው ሌሊት ይፈለፈላል፣ ዝልግልጉ እንዲለቅቀው በገንዳ ውስጥ ይብላላል፣ ከዚያም በብዙ ውሃ ታጥቦ ከመሬት ከፍ ባለ የሽቦ አልጋ ላይ ይሰጣል። እሸት ቡና ማደርን አይወድም። በጆንያ ውስጥ ታምቆ ካደረ ራሱን በራሱ ያግላል፤ ጠዋት እጃችሁን ከመካከሉ ብትሰድዱ ሙቀቱ እንደ ትኩስ እንጀራ ይሰማችኋል።

በዚያ ኅዳር፣ ለቀማው ጣሪያ በነካበት ሳምንት፣ ከወንዙ ውሃ የሚስበው ፓምፕ ዘንጉ ለሁለት ተሰበረ። ዘንጉ የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ አስቀድሞ ጮኾ ጮኾ ነበር፤ «እስከ ወሩ መጨረሻ ይዘልቃል» ብዬ ያሳለፍሁት እኔ ነኝ። በዚያ ምሽት በግቢው ውስጥ 120 ኩንታል ያህል ቀይ እሸት ተከምሯል። መለዋወጫው ያለው አዲስ አበባ ነው። ከጅማ 350 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ያውም የጊቤን በረሃ ቁልቁል ወርዶ ሽቅብ በሚወጣው በዚያን ጊዜው መንገድ። ስልክ ለመደወል ሾፌሩ ጅማ ድረስ ሄዶ ቴሌ ቤት ተሰልፎ ዋለ፤ የመጣው መልስ «ከሦስት ቀን በኋላ» የሚል ነበር።

እንግዲህ ፈጠራ ያነሰኝ እንዳይመስላችሁ። የሞተር ብስክሌት ሞተር ከትንሽ ፓምፕ ጋር ለማጋጠም ሞከርሁ። ዘንጉን ከተማ ወስጄ አስበየድሁት፤ ተመልሶ በተገጠመ በሩብ ሰዓት ውስጥ እዚያው ቦታ ላይ ተቀነጠሰ። በአህያ ውሃ ለማስመላለስ ስንት አህያ፣ ስንት ጀሪካን እንደሚያስፈልግ ወረቀት ላይ አሰላሁ፤ የወረዳው አህያ ሁሉ ቢሰለፍ አይበቃም። አንድ ሌሊትና አንድ ቀን ሙሉ አንጎሌ እንደ ወፍጮ ሲፈጭ ዋለ። ይህ ሁሉ ብልሃት ግን ያተኮረው በአንድ ጥያቄ ላይ ብቻ ነበር፤ «ውሃው እንዴት ይምጣ?»

በሁለተኛው ቀን ረፋድ ላይ፣ አልጋ ላይ ቡና ከሚያገላብጡት የቀን ሠራተኞች መካከል አንዲት ሴት ወደ እኔ መጡ። ያኔ ዕድሜያቸው ወደ ሃምሳ ይጠጋ ነበር። አሁን ስጽፍ «እሳቸው» እላለሁ፤ በዚያን ጊዜ ግን «አንቺ» ነበር የምላቸው፣ እሳቸውም እኔን «እርስዎ» ይሉኝ ነበር። እጃቸው እስከ ክርናቸው ድረስ በቡና ጭማቂ ጠቁሯል። ከጆንያው አንድ እፍኝ እሸት ዘግነው መዳፋቸው ላይ እያንከባለሉ፣ ኦሮምኛ በተቀላቀለበት አማርኛ «ሳይታጠብስ ቢሰጣ? እኛ ቤት ቡና መቼ ታጥቦ ያውቃል?» አሉኝ።

ነገሩ ይኸው ነበር። የጅማ ሰው ከአባቶቹ ጀምሮ እሸቱን ከነገለፈቱ ፀሐይ ላይ አስጥቶ ጀንፈል አድርጎ ያደርቃል፤ ውሃም ፓምፕም አይፈልግም። ያለን ደግሞ በደንብ የተለቀመ ቀይ እሸት ነው፤ ለጀንፈል ከዚህ የተሻለ አይገኝም። የአልጋዎቻችን ግማሽ ባዶ ነበር። «አልጋው ለሁሉም አይበቃም» አልኋቸው። «የተረፈው በየሰው ደጅ ሰሌን ላይ ይሰጣል፤ በዚህ ቀበሌ ሰሌን የሌለው ማን አለ?» አሉ። «ይሰረቃል» አልሁ። ዝም አሉ። እኔም ቀጠልሁና ይህ የማጠቢያ ጣቢያ እንደሆነ፣ ዕቅዱ የታጠበ ቡና እንደሚል፣ የታጠበው ዋጋ እንደሚበልጥ አስረዳኋቸው፤ በመጨረሻም «አንቺ ሥራሽን ሥሪ» አልኋቸው። በእጃቸው የነበረውን እሸት መሬት ላይ አልጣሉትም፤ ወደ ጆንያው መልሰው፣ የጆንያውን አፍ አስተካክለው ሄዱ።

መለዋወጫው በአራተኛው ቀን ደረሰ። ግቢው በዚያን ጊዜ የበሰበሰ ጠጅ ይሸት ነበር፤ ዝንቡ አይጣል ነው፣ ቀዩ እሸት እንደ ቆየ ደም ቡናማ ሆኗል። ፈለፈልነው፣ አጠብነው፤ ሽታው ግን ከፍሬው አልለቀቀም። ቡና ቀማሾች እንዲህ ያለውን «ገማ» ይሉታል፤ አንድ ፍሬ እንኳ አንድ ሲኒ ያበላሻል። በወደቀ ዋጋ ተሸጠ። ገበሬው ግን እንደ ወትሮው የዓመት ገንዘቡን ከዚያው ነበር የሚጠብቀው። በሪፖርቴ ላይ የጉዳቱን ምክንያት «የውሃ ፓምፕ ድንገተኛ ብልሽት» ብዬ ጻፍሁ። የኩሽኔታውን ጩኸት አልጠቀስሁም፤ የሴትዮዋን ሐሳብም አልጠቀስሁም። አለቆቼ ለብየዳውና ለሞተር ብስክሌቱ ሙከራ «ያልተቋረጠ ጥረት» ብለው አመሰገኑኝ። ምስጋናውን ተቀበልሁ።

ስለዚህ ጉዳይ ለብዙ ዓመታት ሳስብ የደረስሁበት ይህ ነው፤ ከመልሱ በፊት ጥያቄው ተሳስቶ ነበር። ችግሩ ቡናው እንዳይበላሽ ማድረግ ሆኖ ሳለ እኔ ፓምፑን ማስነሣት ነው ብዬ ስለጻፍሁት፣ የፈለግሁትን ያህል ብልህ ብሆን ከዚያ አጥር አልወጣም ነበር። አጥሩን ከውጭ ያዩት ደግሞ ስለ ፓምፕ ምንም የማያውቁት ሴት ነበሩ።

የተሳካለትንም ምሳሌ ልንገራችሁ፣ እዚሁ አጠገባችን ነውና። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ ወደ አገራችን በገባ ጊዜ አረንጓዴው ፍሬ ገና ሳይበስል እየጠቆረ ይረግፍ ጀመር። የመጀመሪያው ጥያቄ ፈንገሱን በምን መድኃኒት እንግደለው የሚል ነበር፤ መድኃኒቱ ግን ለገበሬው ውድ ነው፣ ጫካ ውስጥ ላለ ቡና ደግሞ መርጨቱ ራሱ ፈተና ነው። መልኮ የሚገኘው የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል ባለሙያዎች ጥያቄውን ገለበጡት። ከታመመው ማሳ መካከል ያልታመመው ዛፍ የቱ ነው? በየጫካውና በየገበሬው ማሳ እየዞሩ በሽታው ያላሸነፋቸውን እናት ዛፎች መረጡ፣ ዘራቸውን አብቅለው ችግኞቹን ሆን ብለው በበሽታው እየበከሉ ፈተኑ። አዲስ ዝርያ በማዳቀል ቢሆን ረጅም ዘመን ይፈጅ የነበረው ሥራ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ለገበሬው ደረሰ። 74110 ሲባል የምትሰሙት ዝርያ ከመቱ አካባቢ የተመረጠ ነው፤ ቁጥሩ መጀመሪያ ላይ ያለው 74 የተመረጠበት ዓመት፣ በዚያው በፈረንጆቹ አቆጣጠር 1974 ነው። በብዙዎቻችሁ ጓሮ አለ፤ ቁጥሩን እንጂ ታሪኩን የጠየቃችሁ ግን ጥቂቶች ትመስሉኛላችሁ።

ይህን ማለቴ አይቀርምና ልበለው፤ የዛሬ ወጣት ጥያቄውን ለመቅረጽ ትዕግሥት የለውም። ገና ግማሹን ሳይጨርስ ስልኩን ያወጣል። ስልኩ ደግሞ ለጠየቃችሁት ይመልሳል፤ እኔ ያኔ ስልኩ ቢኖረኝ ኖሮ «የተሰበረ የፓምፕ ዘንግ እንዴት ይጠገናል» ብዬ ጽፌ አሥር ዓይነት ብየዳ ይነግረኝ ነበር፣ ቡናውም እንደዚያው ይገማ ነበር። በእርግጥ እኔም ስልክ ሳይኖረኝ ያንኑ ስሕተት ስለሠራሁ ይህ ወቀሳ እናንተን ብቻ አይነካም።

አባቴ ሒርማታ ገበያ ሄዶ የጅማ በርጩማ ሲገዛ ሁልጊዜ ሦስት እግር ያለውን ይመርጥ ነበር። ልጅ ሆኜ አራት እግር ያለው የተሻለ ይመስለኝ ነበር፤ የቤታችን ወለል ግን አፈር ነው፣ ጎርበጥባጣ ነው። አራት እግር ያለው በርጩማ ምን ጊዜም አንዱ እግሩ ተንጠልጥሎ ይወላገዳል፤ ሦስት እግር ያለው ግን በማንኛውም ወለል ላይ ሦስቱንም ተክሎ ይቀመጣል። ወለሉን ከመደልደል ይልቅ አንድ እግር የቀነሰው ጠራቢ ማን እንደነበር ማንም አያውቅም። ይህንን በተማርሁበት ቤት አድጌ «ፓምፕ ሳይኖር ቡና የለም» ማለቴ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ብዙ ጊዜ «መሣሪያ ሰበብ ነው» እላለሁ፣ ለእናንተም ብያለሁ። ሐቁን ለመናገር ግን በመጋዘን ውስጥ አንድ ትርፍ ዘንግ ቢኖር ኖሮ ይህ ሁሉ አይደርስም ነበር። ኩሽኔታው ሲጮህ የሚቀይር ሰው ብዙ ፈጠራ አያስፈልገውም፤ ለዚህ ምክር አልሰጥም፣ ታውቁታላችሁ።

አሁን ለጠየቅሽኝ ልመለስ። ከአዳራሹ ስንወጣ ለመመረቂያ ሥራሽ የቡና እርጥበት መለኪያ ማሽን እንዳጣሽና ሥራሽ እንደቆመ ነግረሽኝ ነበር። ያጣሽው ማሽኑን ነው፤ የፈለግሽው ግን እርጥበቱን ማወቅ ነው። የማሽኑ ልኬት ራሱ ትክክል መሆኑ የሚመሳከረው በምድጃ ነው፤ ጥቂት ግራም ናሙና በጥሩ ሚዛን መዝኚ፣ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም በ105 ዲግሪ አድርቂ፣ መልሰሽ መዝኚ፤ ልዩነቱ እርጥበቱ ነው። ለመጋዘን የሚበቃው 12 በመቶ ገደማ መሆኑን ታውቂያለሽ። ከዚያ በፊት ግን አንድ የቡና ማድረቂያ ሄደሽ አልጋ ላይ ከሚያገላብጡት ሴቶች ጋር ሁለት ቀን ዋይ። ጀንፈሉን በጆሯቸው አጠገብ አንሿሽተው፣ ፍሬውን በጥርሳቸው ነክሰው ደረቀ ወይም አልደረቀም ይላሉ። ያሉትን ከምድጃሽ ውጤት ጋር አነጻጽሪው፤ ምን ያህል እንደሚቀራረብ ማየት ራሱ አንድ የመመረቂያ ሥራ ይወጣዋል።

ስትጽፊው «የአካባቢው ሠራተኞች» ብለሽ አትለፊያቸው። አስፈቅደሽ የእያንዳንዳቸውን ስም ከነአባታቸው ጻፊ። የእኔዋን ሴት ከሃያ ዓመት በኋላ ልፈልጋቸው ወደዚያ ጣቢያ ሄጄ ነበር፤ የድሮውን የደመወዝ መዝገብ ብንገልጥ በረድፋቸው ላይ የነበረው የአውራ ጣት አሻራ ብቻ ነው፣ የትኛው የእሳቸው እንደሆነ ደግሞ አላወቅሁም።