በሰው ደጃፍ የሚያልፍ ሁለት ዓመት

ውድ ወጣቶች፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ በአሜሪካ ዩታ ግዛት፣ ከሶልት ሌክ ከተማ አጠገብ፣ ከሃያ ዓመት በላይ የሠራሁና አሁን በጡረታ ላይ የምገኝ የጥርስ ሐኪም ነኝ። እምነቴ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ነው። የምነግራችሁ ግን በተለምዶ ሞርሞኖች ስለሚባሉት፣ ራሳቸው «የኋለኛው ቀን ቅዱሳን የኢየሱስ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን» በሚለው ሙሉ ስም መጠራትን ስለሚመርጡት ምእመናን ወጣት ሚስዮናውያን ነው። ስለ ትምህርተ ሃይማኖታቸው ልከራከር አልተነሣሁም፤ ያ የሌላ ሰው ሙያ ነው። እኔ የምናገረው ስለ ዕለት ኑሯቸው ነው፤ ምክንያቱም የእናንተ ዕድሜ ያለው ልጅ ከዘመድ ተለይቶ በሰው አገር ቀኑን እንዴት እንደሚገፋ በቅርብ ያየሁት በእነርሱ ነው፤ ከእናንተም ብዙዎቹ ለትምህርት ወይም ለሥራ ወደ ሰው አገር እንደምትሄዱ አውቃለሁ።

አንድ ወጣት ቤት ለቤት እየዞረ እምነቱን ወደሚሰብክበት አገልግሎት ከመሄዱ በፊት በሐኪምና በጥርስ ሐኪም መታየት አለበት። የተቦረቦረ ጥርስ ካለው ይሞላለታል፤ በመጨረሻ የሚበቅሉት መንጋጋዎች ኋላ ችግር የሚያመጡ ከመሰሉም አስቀድመው ይነቀላሉ፤ የሚላክበት መንደር ከሐኪም ቤት የግማሽ ቀን መንገድ ሊርቅ ይችላልና። በዚህ የተነሣ እነዚህ ልጆች እኔ ዘንድ ሁለት ጊዜ ይመጡ ነበር፤ አንዴ ሊሄዱ ሲሉ፣ አንዴ ደግሞ ከተመለሱ በኋላ። በመጀመሪያው ጊዜ ከእናታቸው ጋር ይመጣሉ፤ የምጠይቀውንም አብዛኛውን ጊዜ የምትመልስልኝ እናትየዋ ናት። በሁለተኛው ጊዜ ቀጠሮውን ራሳቸው ይዘው ብቻቸውን ይመጣሉ፤ የረዳቴን ስም ጠይቀው በስሟ ያመሰግኗታል። በመካከሉ ምን ተደረገ የሚለው ነገር ሲከነክነኝ ስለኖረ፣ ሥራዬን እንደ ጨረስሁ ወንበሩን ቀና አድርጌ እንዲያወሩኝ እጠይቃቸው ነበር።

የሚሄዱበትን አገር ራሳቸው አይመርጡም። ማመልከቻቸውን ካስገቡ በኋላ ምደባው ከቤተ ክርስቲያኒቱ መሪዎች ይመጣል፤ ቀድሞ በትልቅ ነጭ ፖስታ ይላክ ስለነበር ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ ነበር የሚከፈተው፤ አሁን በኢንተርኔት ይደርሳቸዋል። ወንዶቹ ሁለት ዓመት፣ ሴቶቹ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ያገለግላሉ። እ.ኤ.አ. በ2012 የመነሻው ዕድሜ ለወንዶች ከ19 ወደ 18፣ ለሴቶች ከ21 ወደ 19 ዝቅ አለ፤ በ2025 መጨረሻ ደግሞ ለሴቶቹም 18 ሆኗል፤ በ2024 መጨረሻ በዓለም ዙሪያ ከ74 ሺህ በላይ ሚስዮናውያን ነበሩ። ደመወዝ የላቸውም። እንዲያውም ከአሜሪካ የሚሄዱት ከ2020 ጀምሮ በወር 500 ዶላር ራሳቸው ወይም ቤተሰቦቻቸው ይከፍላሉ፤ ቶኪዮ የተመደበውም ካምፓላ የተመደበውም የሚከፍለው እኩል ነው። ለዚህ ብለው ከልጅነታቸው ጀምሮ የጎረቤት ሣር እያጨዱ፣ በክረምት በረዶ እየጠረጉ ገንዘብ የሚያጠራቅሙ ልጆች በሰፈሬ አውቅ ነበር።

ቀናቸው በአብዛኛው ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ይጀምራል። ተነሥተው ይጸልያሉ፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ሰውነታቸውን ያንቀሳቅሳሉ፤ ታጥበው ቁርስ ይበላሉ፤ ከዚያም መጽሐፍ ቅዱስንና እነርሱ እንደ ቅዱስ መጽሐፍ የሚቀበሉትን መጽሐፈ ሞርሞንን መጀመሪያ ለየብቻ፣ ቀጥሎ ሁለት ሆነው ያጠናሉ፤ በባዕድ ቋንቋ የሚያገለግሉት ለቋንቋው ጥናት ተጨማሪ ጊዜ አላቸው። ረፋድ ላይ፣ ወንዶቹ አብዛኛውን ጊዜ ነጭ ሸሚዝና ክራባት ለብሰው፣ ሁሉም ስማቸው የተጻፈበትን ጥቁር ምልክት ደረታቸው ላይ ሰክተው በእግር ወይም በብስክሌት ይወጣሉ። ማታ ሦስት ሰዓት ወይም ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ገብተው የነገውን ቀን ሰዓት በሰዓት ያቅዳሉ፤ አራት ሰዓት ተኩል ላይ መብራት ይጠፋል። ከ2017 እ.ኤ.አ. ወዲህ ሰዓቱን እንደየአገሩ ሁኔታ ማስተካከል ተፈቅዶላቸዋል። ፊልም ማየት የለም፤ የፍቅር ጓደኛ መያዝም የለም። በሳምንት አንድ ቀን፣ አብዛኛውን ጊዜ ሰኞ፣ ልብስ ያጥባሉ፣ አስቤዛ ይገዛሉ፣ ለቤተሰብ ይጽፋሉ።

ይህን ሥርዓት መጀመሪያ ስሰማ የወታደር ካምፕ መስሎኝ ነበር። ከብዙዎቹ ጋር ካወራሁ በኋላ ግን ሐሳቤን ቀየርሁ። አንዱ ፊሊፒንስ ያገለገለ ልጅ ስለ መጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሲነግረኝ፣ ሌሊት በናፍቆት እያለቀሰ ሲያድር ጠዋት የሚያስነሣው ፍላጎቱ ሳይሆን ሰዓቱ እንደነበር፣ ከባልዲ በጣሳ እየቀዳ በቀዝቃዛ ውኃ ሲታጠብ ግን ልቡ በትንሹ እንደሚመለስለት አጫውቶኛል። በሰው አገር ያለ ወጣት መጀመሪያ የሚያጣው ገንዘብ ሳይሆን የቀኑን ቅርጽ ነው። በአገሩ ሳለ የቤተሰቡ ቁርስ፣ የሰፈሩ ድምፅ፣ የእናቱ ጥሪ ቀኑን ይከፋፍሉለት ነበር፤ እነዚህ ሁሉ ሲቀሩ ቀንና ሌሊቱ ይዋሐዱበታል፣ መተኛትና መብላት ይዘበራረቃሉ፣ ኀዘኑም ያን ክፍተት ይሞላዋል። ስለዚህ በምትሄዱበት ሁሉ ገና በመጀመሪያው ሳምንት የምትነሡበትን ሰዓት ወስኑ። ደስ ሲላችሁም ሲከፋችሁም በዚያው ሰዓት ተነሡ።

ስለ ቋንቋ የሚያስገርም ነገር አለ። በፕሮቮ ከተማ የሚገኘው ማሠልጠኛቸው ከ50 በላይ ቋንቋዎች ያስተምራል፤ ጊዜው ግን ጥቂት ሳምንታት ብቻ ነው። በእነዚያ ሳምንታት አስቀድመው የሚማሩት መጸለይንና እምነታቸውን መግለጽን ስለሆነ፣ አገሩ ሲደርሱ ስለ ትንሣኤ መናገር ይችላሉ፣ ሽንኩርት መግዛት ግን አይችሉም። ታዲያ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ በዚያው ቀን፣ የተሰባበረ ቋንቋቸውን ይዘው ሰው ፊት ይቆማሉ። ይሳቅባቸዋል። በስድስተኛው ወር ሕፃናት እያረሟቸው ያወራሉ፤ በዓመቱ ሕልም የሚያልሙበት ቋንቋ ይሆናል። ብዙዎቻችን አበሾች ግን ቋንቋውን በልባችን አስተካክለን እስክንጨርስ ድረስ አፋችንን አንከፍትም፤ ስሕተታችን ክብራችንን የሚነካ ይመስለናል። በአስተርጓሚነት በረዳሁባቸው ቦታዎች አሥራ አምስት ዓመት አሜሪካ ኖረው ለሐኪም ሕመማቸውን መናገር ያቃታቸው የተማሩ ሰዎች አጋጥመውኛል፤ ያቃታቸውም አእምሮ አንሷቸው አልነበረም።

ከሁሉም በላይ ግን ልነግራችሁ የምፈልገው ስለ ጓደኛቸው ነው። ጌታ ደቀ መዛሙርቱን ሁለት ሁለት አድርጎ እንደላካቸው በወንጌል ተጽፏልና፣ እነዚህም ሁልጊዜ ሁለት ሆነው ነው የሚሄዱት። ጓደኛቸውን አይመርጡም። የሚመድበው የአካባቢው የሚስዮን ኃላፊ ነው፤ በየስድስት ሳምንቱም ዝውውር ሊኖር ይችላል። አብረው ይበላሉ፣ አንድ ክፍል ውስጥ ይተኛሉ፣ ከመታጠቢያ ቤት በስተቀር አንዱ ከሌላው ዓይን አይርቅም። አንዱ ከአይዳሆ የእርሻ መንደር፣ ሌላው ከሳሞዋ ወይም ከጋና ሊሆን ይችላል። የተመለሱትን ልጆች ከባዱ ነገር ምን ነበር ብዬ ስጠይቃቸው፣ የተዘጋ በር ወይም ሙቀት ይሉኛል ብዬ ስጠብቅ፣ አብዛኞቹ «ሦስተኛው ጓደኛዬ» ወይም «አምስተኛው ጓደኛዬ» ይሉኝ ነበር።

ይህን ስሰማ የራሴ ወጣትነት ትዝ ይለኝ ነበር። በ1974 ዓ.ም.፣ በ19 ዓመቴ፣ ለትምህርት ወደ ቡልጋሪያ ተልኬ ሶፊያ ውስጥ የተማሪዎች ማደሪያ ገባሁ፤ ከአንድ የቬትናም ተማሪ ጋርም አንድ ክፍል ደረሰን። እርሱ በረዶ እየጣለም ቢሆን መስኮት ከፍቶ መተኛት ይፈልጋል፤ እኔ ብርዱ አጥንቴ ድረስ ይዘልቃል። ተነጋግረን ልንፈታው ስንችል እኔ ዝምታን መረጥሁ፤ እርሱ ከተኛ በኋላ እየተነሣሁ መስኮቱን እዘጋለሁ፣ ጠዋት ደግሞ ሰላምታውን በግማሽ አፍ እመልሳለሁ። ስምንት ወር እንዲህ ኖርን። ኋላ ክፍል ከተቀያየርን በኋላ ነው ሁለት ወንድሞቹ በጦርነት እንደሞቱ ከሌላ ሰው የሰማሁት። ስምንት ወር አንድ ጣሪያ ሥር ስንኖር ስለ ቤተሰቡ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅሁትም። እነዚህ ሚስዮናውያን ግን በየሳምንቱ ሁለቱ ፊት ለፊት ተቀምጠው፣ ቅር ያሰኛቸውን ነገር ለመነጋገርና አንዱ የሌላውን በጎ ነገር ለመናገር የተወሰነ ጊዜ አላቸው። እንዲህ ያለ ልማድ ሶፊያ ሳለሁ ቢኖረኝ ምንኛ በወደድሁ። ከማታውቁት ሰው ጋር ቤት የምትጋሩ ሁሉ፣ ቂሙ ሳይጠነክር፣ በሳምንት አንድ ቀን ሻይ አፍልታችሁ ተነጋገሩ።

በሩን በተመለከተ፣ የእኔ ሙያ የሚያየው አንድ ነገር አለ። ጭንቀት ያለበት ሰው ሌሊት ጥርሱን ያፋጫል፤ የጥርሱ ጫፍም እየተበላ ይሄዳል። ከተመለሱት ልጆች መካከል ሲሄዱ የሾሉ የነበሩ ጥርሶቻቸው ተሞርደው ያገኘኋቸው ነበሩ። ፈገግታቸው ያልነገረኝን ጥርሳቸው ነገረኝ። ጀርመን ያገለገለ አንድ ልጅ እንዳጫወተኝ፣ በትልልቆቹ ሕንፃዎች መግቢያ ላይ ከተደረደሩት የስም ደወሎች አንዱን ተጭኖ ድምፅ ሲመጣለት፣ ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ይዘጋበታል፤ የዘጋበትን ሰው ፊት እንኳ አያይም። በቀን ውስጥ ይህ ብዙ ጊዜ ይደጋገማል። አባቴ በልጅነታቸው ጎጃም ውስጥ የቆሎ ተማሪ ነበሩ፤ ደበሎ ለብሰው፣ አኩፋዳ አንግተው፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያሉ በየደጃፉ ሲቆሙ ውሻው ቀድሞ ይቀበላቸው እንደነበር ይነግሩን ነበር። ያ ለምኖ ሊቀበል የሚሄድ ነው፣ ይህ ሊሰጥ የሚሄድ፤ ነገር ግን ሁለቱም በወጣትነታቸው በማያውቁት ሰው ደጃፍ ላይ ቆመው እምቢታን ለምደዋል። አባቴ «የከለከለኝ ሰው ስሜን አያውቀውም፤ ታዲያ እኔን እንዴት ይጠላኛል?» ይሉ ነበር። የሥራ ማመልከቻችሁ ሲመለስ፣ የቪዛ ጥያቄያችሁ ውድቅ ሲሆን ይህን የአባቴን ጥያቄ አስታውሱት።

ያ ጀርመን የነበረው ልጅ ወንበሬ ላይ እንደተቀመጠ «እንደምን ዋሉ?» ብሎኝ ደንግጬ ነበር። ለካ አንድ ቀን ደወሉን ሲጫን የከፈተችለት አንዲት አበሻ እናት ኖራለች። ቡና እየቆላች ነበርና ሁለቱንም አስገብታ አስቀመጠቻቸው። እንደምታውቁት እነርሱ በ1833 እ.ኤ.አ. በተሰጣቸው የጤና ሕግ ምክንያት ቡና፣ ሻይ፣ አልኮልና ትምባሆ አይቀምሱም። ይህን በአክብሮት ሲነግሯት ቅር አላት፤ ቡናዋን እምቢ ያላት እንግዳ አይታ አታውቅምና። እነርሱ ግን ተነሥተው አልሄዱም። ከአቦል እስከ በረካ ድረስ ፈንዲሻ እየበሉ፣ የልጆቿን ፎቶግራፍ እያዩ ተቀመጡ። እምነቷን አልለወጠችም፤ ከዚያ በኋላ ግን በየሁለት ሳምንቱ እየጠራች ታበላቸው ነበር፤ ሰላምታውንም ያስተማረችው እርሷ ናት። ይህን ልጅ ያከበርሁት የራሱን ሕግ ስላላፈረሰ፣ የሴትዮዋንም ቤት ስላልናቀ ነው። ከእናንተ ዘንድ በጾም ቀን ሥጋ የሚቀርብለት፣ ወይም የማይጠጣውን መጠጥ የሚጋበዝ ይኖራል፤ እምቢ ስትሉ ተነሥታችሁ አትሂዱ፣ ተቀመጡ።

ለቤተሰብ ስለ መጻፍም ላንሣ። ከ2019 እ.ኤ.አ. የካቲት በፊት ወላጆቻቸውን በስልክ የሚያገኙት በገናና በእናቶች ቀን ብቻ ነበር፤ ይህ ለእኔ ከልክ በላይ ጽኑ ሕግ ነበር፤ በየሳምንቱ መደወል ሲፈቀድላቸው በደስታ ካለቀሱት እናቶች፣ ከጎረቤቶቼ ጋር እኔም ደስ ብሎኛል። ነገር ግን በየሳምንቱ መጻፉ ራሱ ትልቅ ትምህርት ነው። እኔ ከሶፊያ ለእናቴ የጻፍኋቸው ደብዳቤዎች ሁሉ «ለጤናዬ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ» ብለው ጀምረው በዚያው ያልቁ ነበር። ስታመምም፣ ስወድቅም ደኅና ነኝ። እናቴ ካረፉ በኋላ ደብዳቤዎቹን በሳጥናቸው ውስጥ ታስረው አገኘኋቸው፤ ሳነባቸው ስለ ራሴ ስድስት ዓመት አንድም ነገር አልነገሩኝም፤ እናቴም ልጃቸውን ሳያውቁት እንዳለፉ ያን ቀን ገባኝ። ወላጆቻችሁን ላለማስጨነቅ ብላችሁ ባዶ ቃል አትላኩላቸው። ዛሬ ምን እንደበላችሁ፣ ማን እንዳስከፋችሁ፣ ምን እንዳሳቃችሁ ንገሯቸው።

በመጨረሻ፣ ሁሉም ሁለት ዓመቱን አይጨርስም። በሕመም፣ በጭንቀት፣ አንዳንዴም በሌላ ምክንያት ቀድመው የሚመለሱ አሉ፤ አገልግሎት የክብር ነገር በሆነበት በዚህ አካባቢ ደግሞ የተመለሰው ልጅ በሰው ዓይን ይቃጠላል። አንዱ በአምስተኛው ወር ተመልሶ መጣ፤ እንደ ቀድሞው ከእናቱ ጋር ነበር፣ ለሁሉም የምትመልሰው እንደገና እናቱ ሆናለች። እናቱን ውጭ እንድትጠብቅ ለምኜ ወንበሩን ቀና አደረግሁ። ለምን እንደተመለሰ ሁሉም ጠይቆታል፤ እኔ «ስለ እነዚያ አምስት ወራት ንገረኝ» አልሁት። መጀመሪያ ዝም አለ። ቀጥሎ በየማለዳው ውኃ ይቀዳላቸው ስለነበሩ አንድ ሽማግሌ ነገረኝ፤ ስለ ቤታቸው፣ ስለ ውሻቸው፣ ስሙን አጥፍተው እንዴት እንደሚጠሩት ነገረኝ። ከቤሩት ወይም ከሪያድ ሳይሳካላት የተመለሰች እኅት፣ ከትምህርቱ የተሰናበተ ወንድም ሲያጋጥማችሁ፣ እባካችሁ እንዲህ አድርጋችሁ ጠይቁ። በዚያ ቀን ረዳቴ ሁለት ጊዜ በሩን ከፍታ ቀጣዩ ታካሚ እየጠበቀ መሆኑን በምልክት ነገረችኝ፤ እኔም በእጄ ትንሽ ይታገሡ አልኋት፤ ልጁ ገና ስለ ሽማግሌው ጓሮ እየነገረኝ ነበር።