ላሟ አትጾምም

ውድ ልጆቼ፣

እኔ የእንስሳት ሐኪም ነኝ። ጡረታ ከወጣሁ ስድስት ዓመት አለፈኝ፤ የምኖረው አራት ኪሎ ነው። እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ በቅድስት ሥላሴ በር ላይ ወጣት ባልና ሚስት ያስቆሙኛል። «ጋሼ፣ ከተማው ሰለቸን፤ ልጆቻችንን ገጠር ወስደን በሥነ ሥርዓት፣ በጸሎት ማሳደግ አማረን። ትንሽ ቦታ፣ አንድ ሁለት ላም፣ ጥቂት ዶሮ ቢኖረን ይበቃናል» ይሉኛል። መንገድ ላይ ቆሜ የምመልሰው መልስ ለእኔም አይበቃኝም። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ጻፍኩላችሁ።

ተወልጄ ያደግኩት ከሸኖ ወጣ ብሎ በሚገኝ የገበሬ ቤት ነው። አባቴ ከአውድማው ለቤተ ክርስቲያን የሚሆነውን ሳይሰፍር አንድ ቁና እህል ወደ ጎተራ አያስገባም ነበር። በየወሩ 21 የማርያም ማኅበር አለ፤ ተራው እኛ ጋ ሲደርስ ጠላው አስቀድሞ ይጠነሰሳል፣ ግቢው ይጠረጋል፣ እኛ ልጆች ቄጠማ ልንቆርጥ ወንዝ እንወርዳለን። ማታ እራት ቀርቦ አባታችን አቡነ ዘበሰማያት ሳይሉ እጁን ወደ ማዕዱ የሚዘረጋ የለም። ፋሲካ ሲመጣ የምንበላውን ዶሮ ከጫጩትነቱ ጀምሮ እናውቀዋለን። ከዚያ ቤት ያገኘሁትን በየትኛውም ትምህርት ቤት አላገኘሁትም። ይህንን ለልጆቻችሁ መመኘታችሁ ደስ ይለኛል፤ የምጽፍላችሁም ላስቀራችሁ ብዬ አይደለም።

ያ ቤት በማን ወገብ ላይ ቆሞ እንደነበር የገባኝ ግን ካገባሁ በኋላ ነው።

በ1988 ዓ.ም. በዚያው አካባቢ ተመድቤ እሠራ ነበር። እናቴ አርፋለች፤ አባቴ ደክሟል። ባለቤቴንና ሁለት ልጆቻችንን ይዤ አባቴ ቤት ገባሁ፤ አራት ዓመት ኖርን። ባለቤቴ የፒያሳ ልጅ ናት፤ ሆኖም ለመሄድ ከእኔ ይልቅ የቸኮለችው እሷ ነበረች። «ቤተ ክርስቲያኑ ከደጅ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ኪዳን አደርሳለሁ» ትል ነበር።

በሁለተኛው ዓመት ሁዳዴ ላይ፣ ዓርብ ሊነጋጋ ሲል፣ 10 ሰዓት ገደማ ነቃሁ። አጠገቤ የለችም። ጓዳ ስገባ ኩራዝ አብርታ፣ ትንሹን ልጅ አዝላ ወተት ትንጣለች። ቅሉ በጠፍር ተንጠልጥሎ ወደፊት ወደኋላ ይላል። በየመሃሉ ታቆመውና ጆሮዋን ታስጠጋለች፤ ቅቤው መሰብሰብ አለመሰብሰቡ በድምፁ ይታወቃል። መዳፏ ተልጧል። ሰንበት ሳይገባ ለመጨረስ ነው የምትጣደፈው። «ተኚ እንጂ፤ ከነገ ወዲያ ደግሞ ቅዳሴ አለሽ» አልኳት። ቀና ሳትል «ከጥምቀት ወዲህ መቼ ቅዳሴ ቆሜ አውቃለሁ?» አለችኝ።

እኔ በየእሑዱ ነጠላዬን አጣፍቼ እሄዳለሁ። ስመለስ ላሞቹ ታልበዋል፣ ጥጆቹ ታስረዋል፣ ውኃው ተቀድቷል፣ አባቴም ታጥቦ ፀሐይ ላይ ተቀምጧል። ማን እንደሠራው ጠይቄ አላውቅም። እናቴም እንዲሁ ዕድሜዋን ሙሉ ከቅዳሴ ስንመለስ ደጅ ላይ ቆማ ስትቀበለን ነበር የማውቃት። እሷስ መቼ ታስቀድሳለች ብዬ አንድ ቀን እንኳ አላሰብኩም።

ለንስሐ አባታችን ነገርኳቸው። ዝም ብለው ከሰሙኝ በኋላ «ጡቷ የሞላ ላም ሰንበት አታውቅም፤ ማለቡ ምሕረት ነው። ታዲያ ምሕረቱን ለምን ሁልጊዜ ለእሷ ብቻ ትተውላታለህ?» አሉኝ። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ እሑድን ተፈራረቅን። አንዱን እሑድ እሷ ትሄዳለች፣ አንዱን እኔ፤ በዓመት በዓል ጎረቤት እየለመንን አብረን እንሄዳለን። መናጡንም ተማርኩ። ወንድ ወተት ናጠ ተብሎ መንደሩ አንድ ወር ያህል አወራ፤ ከዚያ ተወው።

እንግዲህ ልጆቼ፣ ከአዲስ አበባ ሳትወጡ ወረቀት አውጡና ከሌሊቱ 10 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ያለውን ሥራ አንድ በአንድ ጻፉት፤ በየሥራው ፊት የሚሠራውን ሰው ስም አስፍሩ። የአንዱ ስም ከሌላው እጅግ ከበዛ ገና አልተዘጋጃችሁም ማለት ነው። ለጸሎት ብላችሁ የምትገቡበት ኑሮ የአንዳችሁን ጸሎት የሚበላ ከሆነ ምን ይረባል?

አሁን ወደ ላሟ ልመለስ። እናንተ ትጾማላችሁ፤ ላሟ አትጾምም። በሁዳዴ 55 ቀን በየማለዳው ወተት ይመጣል። ሰባት ዓመት ካልሞላው ልጅ በቀር የሚጠጣው የለም፤ ገዢም የለም። ከተማ ውስጥ ሥጋ ቤቱ በሩን ዘግቶ ይከርማል፤ ላም ያለው ሰው ግን በር መዝጋት አይችልም። እናቶቻችን መላውን ያገኙት ድሮ ነው፤ ወተቱን ቅቤ ያደርጉታል። የሸኖ ቅቤ ስሙ እንዲህ የገነነው ያለ ምክንያት አይደለም። ሒሳቡን እዩት፦ ሁለት የአገር ላሞች በቀን 4 ሊትር ቢሰጡ በ55 ቀን 220 ሊትር ነው። አንድ ኪሎ ቅቤ ከ15 እስከ 20 ሊትር ወተት ይጠይቃል። ስለዚህ ፋሲካ ሲደርስ ከ11 እስከ 14 ኪሎ ቅቤ እጃችሁ ላይ ይኖራል፤ ለቤት ተርፎ ለገበያም ይሆናል። አሬራው ደግሞ አይብ ይወጣዋል፤ አይቡ ግን እንደ ቅቤው አይቆይም፣ በጾምም አይበላም፤ እኛ አሬራውን ለጥጆቹ እንሰጥ ነበር።

የተሻለው መላ ከወሊዱ ይጀምራል። ላም 9 ወር ከ10 ቀን ገደማ ታረግዛለች። ሐምሌ አጋማሽ ላይ በኮርማ ብትጠቃ ሚያዝያ መገባደጃ ላይ ትወልዳለች። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ያሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብ እንኳ የማይጾምባቸው ናቸው፤ ወተት እንደዚያን ጊዜ የሚፈለግበት ወቅት የለም። ላሟም በብዛት የምትታለበው በወለደች በአንድና በሁለት ወር ውስጥ ስለሆነ ሁለቱ ይገጥማሉ። ችግሩ መኖው ነው። ሚያዝያ ላይ ሜዳው ደርቋል። መስከረም መጨረሻና ጥቅምት ላይ ሣሩ ሳያረጅ አጭዳችሁ ድርቆሽ ካልከመራችሁ፣ የወለደች ላም በጭድ ብቻ አትቆምም። ፉርሽካና ፋጉሎም (ዘይቱ የወጣለት የቅባት እህል ተረፈ ምርት) በጊዜ ይገዛ።

የዶሮውን ነገር ስጽፍ ልቤ ያዝናል። ስለዚህ በደንብ አንብቡልኝ። በ1990 ዓ.ም. ለፋሲካ ብዬ ከገበያ አምስት አውራ ዶሮዎች ገዛሁ። መሽቶብኝ ነበር፤ ከቤቱ ዶሮዎች ጋር አንድ ላይ ቆጥ ላይ አሳደርኳቸው። በአምስተኛው ቀን አንዷ አንገቷ ተጠምዞ አገኘኋት። በማግሥቱ አረንጓዴ ተቅማጥ፣ ማቃሰት፣ አፍ ከፍቶ መተንፈስ። ፈንግል የሚባለው የዶሮ ተላላፊ በሽታ ነበር። ከ43 ዶሮዎች በአንድ ሳምንት የቀሩን ሦስት ናቸው። ትልቋ ልጃችን በስም የምትጠራት አንዲት ገብስማ ዶሮ ነበረቻት፤ እቅፏ ውስጥ ሞተችባት። የሰው ዶሮ ስከትብ የኖርኩ ሐኪም የራሴን ክትባት «ሳምንት» እያልኩ አሳልፌው ነበር። ከገበያ የመጣ ዶሮ ቢያንስ ለሁለት ሳምንት ለብቻው ይቆይ፤ የራሱ መጠጫ፣ የራሱ መመገቢያ ይኑረው፤ እሱን ነክታችሁ ሳትታጠቡ ወደ ሌሎቹ አትግቡ። ክትባቱ በዓይን ጠብታ ወይም በመጠጥ ውኃ ይሰጣል፤ ቢሾፍቱ ላይ ይመረታል። ከበረዶ ወጥቶ ፀሐይ ላይ የዋለ ክትባት ግን ውኃ ነው። በዓል ከመቅረቡ በፊት አስከትቡ፤ በበዓል ሰሞን ዶሮ ከገበያ ገበያ ስለሚዞር በሽታውም አብሮ ይዞራል።

ስለ ንብ ብዙ አልልም። ከአደይ አበባ በኋላ፣ ኅዳር ላይ ማር ትቆርጣላችሁ፤ ስትቆርጡ ለራሳቸው አስተርፉላቸው። ጎረቤት ሰብሉ ላይ መድኃኒት የሚረጭበትን ቀን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

የመሬቱን ጉዳይ ግን ጠበቅ አድርጌ እናገራለሁ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም። ደላላ በቁራጭ ወረቀት፣ በሦስት ምስክር «ገዛችሁ» ቢላችሁ የገዛችሁት ነገር የለም። አንድ የማውቀው ወጣት ሠርጉን አሳንሶ ያጠራቀመውን ገንዘብ በዚህ መንገድ ከፈለ፤ ጎጆ ሠራ፣ ጌሾ ተከለ፤ በሦስተኛው ዓመት የባለ ይዞታው ልጆች መጡና ባዶ እጁን ወጣ። ከቤተሰብ በውርስ የሚደርሳችሁ ይዞታ ካለ ደብተሩን አስተካክሉ። ከሌለ ከገበሬው ጋር የኪራይ ውል ግቡ፤ ውሉም ወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት ይመዝገብ። ገበሬውም ክርስቲያን ወንድማችሁ ነው፤ በእሱ ችግር ላይ ተመሥርቶ የተገኘ ርካሽ ቦታ ላይ ቆማችሁ አቡነ ዘበሰማያት ማለት ይከብዳችኋል።

ባለቤቴ ይህንን ደብዳቤ ስጽፍ አጠገቤ ቁጭ ብላ ነበር። «የቅሉን ነገር ጻፍከው?» አለችኝ። ጽፌዋለሁ አልኳት። መዳፏን ገልብጣ አየችው፤ ከዚያ «ቅቤው ግን እንዴት ያለ ነበር!» አለች። ያንን አራት ዓመት ዛሬም የምታነሳው በናፍቆት ነው፤ ከሁለተኛው ሁዳዴ በፊት ያለውን ግን አታነሳውም።

ልትሄዱ ያሰባችሁ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በዚያው በር አገኛችኋለሁ። ሁለታችሁም ኑ። ወረቀቱንም ይዛችሁ ኑ፤ መጀመሪያ የማነጋግረው ሚስትየዋን ነው።