ከ12 እስከ 8

ባለፈው ሳምንት ቢሮ ውስጥ አንዲት ወጣት ባልደረባችን ከወንበሯ ተነሳችና መልሳ ቁጭ አለች። ፊቷ አመድ መስሏል። ምን ሆንሽ ስላት ከእሑድ ማታ ጀምሮ ከውኃና ከጥቁር ቡና በቀር ምንም አልቀመስኩም አለችኝ። ቀኑ ረቡዕ ነው። "ኧረ ማን ነው እንዲህ አድርጊ ያለሽ?" ብላት፣ "እርስዎን አይቼ ነዋ ጋሼ!" አትለኝ መሰላችሁ?

በሶ አስበጥብጠን አጠጣናት። እኔ ግን ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። "እንዴት ከሳህ?" ብላችሁ ስትጠይቁኝ "ምግብ በሰዓት ነው የምበላው" እያልኩ በአጭሩ ሳልፍ ከርሜያለሁ፤ ለካ ግማሽ ወሬ ነው የሰጠኋችሁ። ሌላውን ግማሽ ልንገራችሁ።

61 ዓመቴ ነው። ኦዲተር ነኝ፤ 34 ዓመት ሙሉ የሰው ሒሳብ ስመረምር ነው የኖርኩት። የዛሬ ሦስት ዓመት 94 ኪሎ ነበርኩ፣ ቁመቴ ደግሞ 1 ሜትር ከ71። ጫማዬን ለማሰር ትንፋሼን ውጬ ነበር የማጎነብሰው። የግፊት ኪኒን እወስዳለሁ፣ ያኔም አሁንም። ሐኪሜ የደም ምርመራዬን አየና "ስኳር ደጅዎ ላይ ቆሟል፣ በሩን አይክፈቱለት" አለኝ። አነጋገሩ አስቆኝ ነበር። ቤት ስደርስ ግን አላሳቀኝም።

ነገሩን ያመጣችው አሜሪካ ያለችው ልጄ ናት። "አባዬ ቀላል ነው፣ ከ12 እስከ 8 ትበላለህ፣ ከዚያ ውጪ ውኃ ብቻ" ብላ ጻፈችልኝ። እሺ አልኩ። በማግስቱ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተነስቼ ፍርፍሬን በላሁ፣ ምሳዬን 7 ሰዓት ላይ፣ 8 ሰዓት ሲሞላ አፌን ዘጋሁ። ማታ እነ ባለቤቴ እራት ከበው ሲበሉ እኔ ብርጭቆ ውኃዬን ይዤ ዜና አያለሁ። ዘጠኝ ቀን እንዲህ ሄድኩ። በአሥረኛው ቀን ልጄ ደውላ "እራት ምን በላህ?" ስትለኝ ነገርኳት። ሳቋን ማቆም አቃታት። ለካ እሷ የጻፈችልኝ በፈረንጅ ሰዓት ነው፤ ከቀኑ 6 ሰዓት እስከ ማታ 2 ሰዓት ማለቷ ነበር!

ሆዴ ግን ልዩነቱን አላወቀም። ያም ስምንት ሰዓት፣ ይሄም ስምንት ሰዓት። በኋላ ከረፋዱ 5 እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት አደረግሁት፤ ቢያንስ እራት ከቤተሰብ ጋር እንድበላ። ባለቤቴ እስከ ዛሬ "የፈረንጅ ጾም" ነው የምትለው።

ጾምማ እኛን ማን ያስተምረናል? የኦርቶዶክስ ልጅ የሆናችሁ ታውቁታላችሁ። ዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ነው፣ ፍልሰታው አለ፣ ነቢያቱ አለ፣ ረቡዕና ዓርብ አለ፤ እስከ 9 ሰዓት ውኃ የማይቀምስ ስንት ሰው አለ። ታዲያ እኔ ዕድሜ ልኬን ስጾም ቦርጬ ለምን አልጎደለም? 9 ሰዓት ሲሞላ በየዓይነቱን እጠርጋለሁ፣ ትንሽ ቆይቶ ዳቦ በሻይ፣ ማታ ፓስታ፣ በመሐል ሳምቡሳ። ሁሉም የጾም ነው፣ ሁሉም በዘይት የታጠበ ነው። ሙስሊም ባልደረባዬም ረመዳን በገባ ቁጥር ሁለት ኪሎ እጨምራለሁ ይለኛል። "ኢፍጣር ላይ የሚቀርብልኝን ብታይ አትፈርድብኝም" ይላል። በነገራችን ላይ፣ በአጽዋማት ሚዛን ላይ መውጣት ትቻለሁ። ያ የነፍስ ጉዳይ ነው፣ ከቦርጭ ጋር ማደባለቁ ደስ አላለኝም።

አሁን ወደ ሙያዬ ልግባ። መሥሪያ ቤት ስንመረምር ትልልቁ ወጪ ብዙ አያስቸግርም። ጨረታ አለው፣ ፊርማ አለው፣ ደረሰኝ አለው። የሚያደክመን ፔቲ ካሹ፣ ለጥቃቅን ወጪ በእጅ የሚያዘው ገንዘብ ነው። ሃምሳ ብር ለታክሲ፣ መቶ ብር ለወረቀት፣ ማንም ቁም ነገር ብሎ አይመዘግበውም፤ ዓመቱ ሲዘጋ ግን ጉድጓዱ እዚያ ይገኛል። እኔም "ብዙ አልበላም እኮ" ስል የኖርኩት ምሳና እራቴን ብቻ እየቆጠርኩ ነው። አንድ ቀን ወረቀት አውጥቼ ቀሪውን ጻፍኩት። በቀን አምስት ጊዜ ሻይና ማኪያቶ፣ በእያንዳንዱ ሁለት ማንኪያ ስኳር። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ገደማ ነው፣ 16 ካሎሪ። አሥር ማንኪያ 160 ካሎሪ ሆነ። ከሥራ በኋላ ከጓደኞቼ ጋር ሁለት ቢራ፣ አንዱ ወደ 140 ካሎሪ፤ 280። ድምሩ 440 ነው፣ ገና ቆሎው አልተቆጠረም፣ ባለቤቴ ወጥ ስትሠራ "ቅመስልኝ" ብላ የምትሰጠኝ አልተቆጠረም፣ ከልጅ ልጄ ሳህን የማነሳው ትርፍራፊ አልተቆጠረም። 440ው ብቻ በወር 13,200 ካሎሪ ነው። ደረሰኝ የሌለው ወጪ!

የሰዓቱ ሥራ ይህንን ፔቲ ካሽ መቆለፍ ነበር። ጠዋት ቡናዬን ያለ ስኳር ጠጣሁ፤ የመጀመሪያው ሳምንት ኮሶ ነው የመሰለኝ። ቢራው ከ1 ሰዓት በኋላ ስለሚመጣ በራሱ ቀረ። ጓደኞቼ ሁለት ሳምንት ቀለዱብኝ፣ ከዚያ ሰለቻቸው።

ሰዓቱ ራሱ ተአምር ነው የሚሏችሁን ግን አትስሟቸው። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ጥናት አለ፣ ቻይና ጓንግዡ ውስጥ የተሠራ። 139 ከመጠን በላይ የወፈሩ ሰዎችን ለሁለት ከፍለው ሁሉንም ካሎሪ አስቀነሷቸው፤ ግማሾቹ በተጨማሪ ከጠዋቱ 2 እስከ 10 ሰዓት ብቻ እንዲበሉ አደረጉ። ዓመት ሲሞላ በሰዓት የበሉት በአማካይ 8 ኪሎ፣ ሌሎቹ 6.3 ኪሎ ቀነሱ። ተመራማሪዎቹ ልዩነቱን በአጋጣሚም ሊመጣ ስለሚችል እንደ ልዩነት አልቆጠሩትም። የቀነሱት ትንሽ ስለበሉ ነው።

ያቺ የቢሮ ልጃችን ደግሞ "72 ሰዓት ካልበላሁ ሴሎቼ ይታደሳሉ፣ ኖቤል የተሸለመበት ነው" አለችኝ። ሽልማቱ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ጃፓናዊው ዮሺኖሪ ኦሱሚ ሴል የራሱን ጉድፍ እንዴት ፈጭቶ መልሶ እንደሚጠቀምበት በማጥናቱ ተሸልሟል። ያጠናው ግን በእርሾ ላይ ነው። ከእርሾ ተነስቶ ቢሮ ውስጥ እየተንገዳገዱ መዋል ረጅም መንገድ ነው ልጄ።

እኔም ብሆን ሞኝነቴን ሳልከፍል አልቀረሁም። በሁለተኛው ወር ነው። ጾም መስሎኝ፣ ወይም ጉብዝና አምሮኝ፣ ከማታ እስከ ረፋድ ውኃም ጭምር ተውኩ። የግፊት ኪኒኔ ሽንት የሚያበዛ ዓይነት ነው፣ እሱን ግን ጠዋት ጠዋት በአንዲት ጉንጭ ውኃ እውጣለሁ። አንድ ቀን ለሥራ የሄድኩበት ሕንፃ ሊፍቱ ተበላሽቷል። አራተኛ ፎቅ ስደርስ ደረጃው ከሥሬ ሄደብኝ። የብረት መደገፊያውን በሁለት እጄ ጨምድጄ ያዝኩ፤ ቅዝቃዜው እስካሁን መዳፌ ላይ አለ። አንድ የጥበቃ ሠራተኛ "አባቴ ቁጭ ይበሉ" ብሎ ደረጃው ላይ አስቀምጦ በራሱ ኮዳ ውኃ አጠጣኝ። ሐኪሜ ሲሰማ ተቆጣ። መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሳያማክር እንዲህ ያደርጋል ወይ አለኝ። ልክ ነው። ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚወስድ የስኳር ሕመምተኛ ምግብ ሲያዘገይ ስኳሩ ድንገት ሊወርድበት ይችላል፣ ያ ራስን እስከ መሳት ያደርሳል። እርጉዝና የምታጠባ እናት፣ 18 ያልሞላው ልጅ፣ ውፍረት ፈርቶ ከምግብና ከመስታወት ጋር የተጣላ ሰው ይህን ነገር ይተዉት። ጨጓራ ያለባችሁም በባዶ ሆድ ጥቁር ቡና ስትጠጡ አስቡበት።

ኪሎውን ትጠይቁኛላችሁ። በሁለት ሳምንት ሦስት ኪሎ ወረደ፣ አብዛኛው ውኃ ነው፣ እኔ ግን በየመንገዱ አወራሁ። 88 ላይ ሁለት ወር ተገትሬ ቀረሁ። በዘጠነኛው ወር 84 ደረስኩ። የፋሲካ ሰሞን ሁለት ኪሎ ተመለሰ፣ አሁን 86 ነኝ። ቀበቶዬ ሦስት ቀዳዳ ገብቷል። አንድ ያላሰብኩት ነገር፣ ጡንቻዬም አብሮ ሄዷል፤ የልጅ ልጄን ሳነሳ ክንዴ ይንቀጠቀጥ ጀመር። አሁን ምሳዬ ላይ እንቁላል ወይም ምስር አላጣም፣ ጠዋትም አርባ ደቂቃ በእግሬ እሄዳለሁ። ይህንን ከመጀመሪያው ብጀምረው ጥሩ ነበር።

ከሁሉም የከፋኝ ግን ሌላ ነው። ታላቅ እህቴ ደብረ ብርሃን ነው የምትኖረው። በዚያ በ88 ላይ በተገተርኩበት ጊዜ ልጠይቃት ሄጄ ማታ 2 ሰዓት ደረስኩ። ቀኑን ሙሉ ስትሠራ ውላለች። መሶቡን ከፈተች። እኔ ሰዓቴን አየሁና "ሰዓቴ አልፏል እትዬ" አልኳት። "የምን ሰዓት?" አለች። አስረዳኋት። ዝም ብላ ሰማችኝ፣ ከዚያ መሶቡን ከደነችው። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። እሷም ሳትበላ ተኛች።

በቀጣዩ ወር ተመልሼ ሄድኩ። መንገዱ ተዘጋግቶ 3 ሰዓት ገባሁ። ቡና አፈላች፣ ወሬ አመጣች፣ መሶቡ ግን ጥግ ላይ እንደተከደነ ነው።

"አይርብሽም?" አልኳት።

"ያንተ ሰዓት አልፏል ብዬ ነዋ።"

"ሰዓቴን አዲስ አበባ ትቼው ነው የመጣሁት።"

እጄ ላይ ያለውን ሰዓት አየችው። ምንም አላለችም፤ ማስታጠቢያውን ልታመጣ ተነሳች።