የአሸዋ ክምር ቁመት ከይዘቱ ሲሰላ

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ቤት እያሠራሁ ነው። 6 ሜትር ኩብ አሸዋ ግቢዬ ተራግፎልኛል። ክምሩ ሾጣጣ ነው፤ ዙሪያው ሲለካ 12 ሜትር ከ56 ሆነ። አሸዋው ካልጎደለ ቁመቱ ስንት መሆን አለበት? ለሁለተኛው ቢያጆ ደግሞ ስፋቱ 3 ሜትር ከ40 የሆነ ቦታ ብቻ ነው የቀረኝ፤ 6 ሜትር ኩብ ይይዝልኛል?

መልስ፦ የሾጣጣ ይዘት ፓይ (3.1416) × ራዲየስ × ራዲየስ × ቁመት ÷ 3 ነው። ቁመቱ ሲጠፋ ይዘቱን በ3 አብዝተው፣ ፓይ በራዲየስ ስኩዌር ሲባዛ ለሚገኘው ያካፍሉ። ዙሪያውን ለ6.28 (ለሁለት ፓይ) ሲያካፍሉ ራዲየሱ 2 ሜትር ይመጣል። 18 ÷ 12.57 = 1.43፤ ቁመቱ 1 ሜትር ከ43 መሆን አለበት። ለክተው 1 ሜትር ከ20 ካገኙ የደረሰዎት 5 ሜትር ኩብ ያህል ብቻ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው አለካኩ ላይ ነው። ሜትሩን ከጫፉ እስከ ግርጌው በተዳፋቱ ላይ ከዘረጉት የሚያገኙት 2 ሜትር ከ46 ነው። ያንን ቁመት ብለው ቢያሰሉ 6ቱ ሜትር ኩብ ከ10 በላይ ሆኖ ይታይዎታል፣ ጉድለት ቢኖርም ይሸፈናል። ከ2 ሜትር የሚረዝም ቀጥ ያለ አጣና ከጫፉ ላይ በውሃ ልክ አግድም ይያዙና ከክምሩ ውጭ በቱምቢ ወደ መሬት ይለኩ። አጣና ከሌለ ተዳፋቱን ለክተው ስኩዌር ያድርጉት፤ የራዲየሱን ስኩዌር ይቀንሱለት፤ የቀረው ስኩዌር ሩቱ ቁመቱ ነው።

መኪና የገለበጠው ክምር ብዙ ጊዜ ሞላላ ስለሚሆን አስቀድመው በአካፋ ክብ ያድርጉት። ራዲየሱ ሁለት ጊዜ ስለሚባዛ ዙሪያው ላይ 30 ሴንቲ ሜትር ቢሳሳቱ ይዘቱ 0.3 ሜትር ኩብ ገደማ ይዛባል። እርጥበት ያለው አሸዋም ያብጣል፤ ሲደርቅ ይዘቱ ስለሚቀንስ ልኬቱን በተራገፈበት ዕለት ይጨርሱ።

ወደ ሁለተኛው ቢያጆ ስንመጣ፣ ራዲየሱ 1 ሜትር ከ70 ነው፤ 18 ÷ 9.08 = 1 ሜትር ከ98። ስሌቱ ልክ ነው፣ አሸዋው ግን እንደዚያ አይቆምም። ደረቅ አሸዋ ከ34 ዲግሪ ገደማ በላይ ሲያዘነብል ይናዳል፤ ይህ ቁመት 49 ዲግሪ ይጠይቃል። ያለ ማገጃ ስፋቱ ቢያንስ 4 ሜትር ከ10 መሆን ነበረበት። ባለዎት ቦታ ላይ በራሱ የሚቆመው 1 ሜትር ከ15 ያህል ቁመት፣ ማለትም 3.5 ሜትር ኩብ ነው። የቀረውን 2.5 ለ9.08 ሲያካፍሉ 28 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ ዙሪያውን 40 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ባለው ጣውላ ካጠሩት ይይዝልዎታል። ችካሎቹን በውጭ በኩል ይምቷቸው፤ አሸዋው ጣውላውን የሚገፋው ወደዚያ ነው።