ከቀውስ በኋላ ሥራ ለምትፈልጉ ወጣቶች

ውድ ወጣቶች፣

አብዛኛውን ዕድሜዬን የአሜሪካን የሥራ ገበያ ሳጠና እንደ መኖሬ፣ ትምህርታችሁን ጨርሳችሁ በዚህ አገር ሥራ ለምትፈልጉ ልጆቻችን ስለ 2008ቱ የገንዘብ ቀውስ ልጽፍላችሁ ወደድኩ (ዓመታቱ ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው)። የሥራ ገበያ ከሌላው ኢኮኖሚ ዘግይቶ እንደሚያገግም ያኔ በግልጽ ታይቷል።

ድቀቱ፣ ማለትም ኢኮኖሚው ያሽቆለቆለበት ጊዜ፣ በዲሴምበር 2007 ጀምሮ በጁን 2009 እንዳበቃ በይፋ ተነግሯል። ይሁን እንጂ 5 በመቶ የነበረው የሥራ አጥነት ምጣኔ 10 በመቶ የደረሰው ከዚያ በኋላ፣ በኦክቶበር 2009 ሲሆን፣ የጠፉት 8.7 ሚሊዮን ያህል የሥራ ቦታዎች የተተኩት ገና በ2014 ነው። ቤተሰቦች የቤት ዕዳቸውን ለመክፈል ወጪያቸውን ስለቀነሱ ገበያው ቀዘቀዘ፤ አሠሪዎች ሥራ ሲበዛላቸው አዲስ ሰው ከመቅጠር ይልቅ የነበሩትን ሠራተኞች ሰዓት ጨመሩ፤ የግብር ገቢያቸው የጎደለባቸው ክፍለ ግዛቶችና ከተሞችም ድቀቱ አበቃ ከተባለ በኋላ መምህራንን ያሰናብቱ ነበር።

ምጣኔው ወረደ ሲባልም መርምሩ። ባለፉት አራት ሳምንታት ሥራ ያልፈለገ ሰው ከሥራ አጦች ስለማይቆጠር፣ ተስፋ የቆረጡት ሲበዙም ቁጥሩ ይወርዳል። በጣም የሚያሳዝነኝ ግን በ2010 ከሥራ አጦቹ ከ40 በመቶ በላይ የሚሆኑት ስድስት ወርና ከዚያ በላይ ያለ ሥራ የቆዩ መሆናቸው ነው፤ ቆይታው በረዘመ ቁጥር አሠሪዎች አመልካቹን ለቃለ መጠይቅ መጥራት ይቀንሳሉና።

ይህ ሁሉ የግድ አልነበረም። የጀርመን ምርት በ2009 ከ5 በመቶ በላይ ቢያሽቆለቁልም ሥራ አጥነቱ ብዙም አልጨመረም፤ ድርጅቶቹ ሠራተኛ ከማባረር የሥራ ሰዓት ሲቀንሱ፣ መንግሥት ከጎደለው ደመወዝ ከፊሉን ይተካ ነበርና። እኔ ይህን መንገድ ከልቤ እደግፋለሁ።

በድቀት ጊዜ ብትመረቁ የመጀመሪያ ደመወዛችሁ ዝቅ ይላል፤ ይህም የችሎታችሁ መለኪያ አይደለም። በካናዳ ተመራቂዎች ላይ የተደረገ ጥናት ጉዳቱ እስከ አሥር ዓመት እንደሚዘልቅ፣ የሚጠበውም በአብዛኛው የተሻለ ወደሚከፍሉ ድርጅቶች በመዛወር እንደሆነ አሳይቷል። ስለሆነም የተገኘውን ሥራ ያዙ፤ ገበያው ሲከፈት ግን ለአሠሪዬ ይሉኝታ አለብኝ ብላችሁ ከማመልከት አትቆጠቡ።

ከሥራ ብትቀነሱ ደግሞ የሥራ አጥነት መድኅን መጠየቅ ነውር የሚመስላቸው ወገኖች ስላሉ አደራ እላለሁ። ገንዘቡ አሠሪዎች በእናንተ ሥራ ምክንያት ከሚከፍሉት ግብር የሚመጣ መብታችሁ እንጂ ምጽዋት አይደለም፤ ማመልከቻውን ሥራችሁ በቆመበት በዚያው ሳምንት አስገቡ።