የስፖርት ክፍለ ጊዜ ለሒሳብ ማካካሻ ሲሰጥ ሕግ ምን ይላል?

ጥያቄ፦ ልጄ እዚሁ ሐዋሳ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ናት። ፈተና በተቃረበ ቁጥር የሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜያቸው ለሒሳብ ወይም ለእንግሊዝኛ ማካካሻ ይሰጣል፤ በማይወሰድበት ሳምንትም አብዛኛውን ጊዜ ማስታወሻ ሲጽፉ ያሳልፋሉ። በቀደም ደብተሯን ስገልጥ የመረብ ኳስ ሜዳ በማስመሪያ ተሥሎ፣ ርዝመቱ 18 ወርዱ 9 ሜትር ተብሎ አየሁ። «ኳሷን መታሽ ታውቂያለሽ?» ብላት «ለእኛ ተራ አልደረሰንም» አለችኝ። ልጆች በትምህርት ቤት እንዲንቀሳቀሱ የሚያስገድድ ሕግ የለም? ቢኖርስ ለውጥ ያመጣል?
አንዲት እናት፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ሕግ ለውጥ ያመጣል፤ የሚያመጣው ግን ደቂቃውን በቁጥር ሲወስንና መፈጸሙን የሚጠይቅ ሰው ሲኖር ነው።

ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 9 መንግሥት ለስፖርት መስፋፋት አስተዋጽኦ የማድረግ ኃላፊነት እንዳለበት ይደነግጋል፤ የሰውነት ማጎልመሻም በሥርዓተ ትምህርቱ ውስጥ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። ስለዚህ ክፍለ ጊዜው ሲመች የሚሰጥ፣ ሳይመች የሚነሣ የትምህርት ቤቱ ችሮታ አይደለም። ይሁንና በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና የማይጠየቅ በመሆኑ፣ ጊዜ ሲያጥር ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚሠዋው እርሱ ነው።

የደቂቃን ጉዳይ ለመረዳት፣ እያንዳንዱ ግዛት የየራሱን የትምህርት ሕግ የሚያወጣባት አሜሪካ ጥሩ ማሳያ ናት። እ.ኤ.አ. በ2012 በታተመ አንድ ጥናት፣ ሕጋቸው የሰዓቱን መጠን ለይቶ በሚያስቀምጥ ግዛቶች ያሉ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳምንት ከ27 ደቂቃ በላይ፣ መካከለኛዎቹ ደግሞ ከ60 ደቂቃ በላይ ብልጫ ያለው የስፖርት ትምህርት እንደሚሰጡ ተመልክቷል፤ ንጽጽሩ ሕጋቸው በደፈናው ከተጻፈ ግዛቶች ጋር ነው። ቁጥር መጻፉ ብቻውን ግን አይበቃም። የካሊፎርኒያ ሕግ ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል በየ10 የትምህርት ቀናቱ ቢያንስ 200 ደቂቃ እንዲሰጥ ያዛል፤ ብዙ ትምህርት ቤቶች ግን ይህን ሳያሟሉ ቆይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2010 የግዛቲቱ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት፣ አንድ ወላጅና ልጁ ባቀረቡት ክስ ላይ፣ 200 ደቂቃው የግድ መፈጸም ያለበት ዝቅተኛ መጠን መሆኑን ወሰነ። ሕጉን በተግባር ያስነሣው የወላጅ ጥያቄ ነበር ማለት ነው።

ክፍለ ጊዜው ተሰጠ ማለትም ልጆቹ ተንቀሳቀሱ ማለት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ልብ በሚያፈጥን እንቅስቃሴ እንዲያሳልፉ ይመክራል። ከአርባ ደቂቃው ላይ ስም መጥሪያው፣ መሰለፊያውና ማስታወሻው ሲቀነስ፣ ቀሪው ለስድሳ ተማሪና ለአንድ ኳስ ሲካፈል ለአንዲት ልጅ የሚደርሳት ምን ያህል ነው? በዚህ መምህሩን ብቻ መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ሆኖም ገመድ ዝላይ፣ ዱላ ቅብብልና ሰኞ ማክሰኞ ኳስ አይጠይቁም፤ በአነስተኛ ቡድን ከተከፋፈሉ ሁሉም በአንድ ጊዜ መንቀሳቀስ ይችላሉ።

አንድ ነገር ሳልጠቅስ ባልፍ ቅር ይለኛል። ልጅዎ «ለእኔ» ሳይሆን «ለእኛ» ማለቷን ልብ ይበሉ፤ ሴቶቹን ማለቷ እንደሆነ ይጠይቋት። ኳሷ በወንዶቹ እጅ የምትቀር ከሆነ፣ ወይም ሴቶቹ ልብስ የሚቀይሩበት ክፍልና የሚታጠቡበት ውኃ ከሌለ፣ ክፍለ ጊዜው ቢከበር እንኳ እነርሱ ከዳር ቆመው ይውላሉ።

እንግዲህ ለአንድ ወር ከልጅዎ ጋር ይመዝግቡ፦ ቀኑን፣ ክፍለ ጊዜው መሰጠት አለመሰጠቱን፣ ከተሰጠም እርሷ ራሷ የተንቀሳቀሰችበትን ደቂቃ። መዝገቡን ለወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ስብሰባ ያቅርቡ፤ ማካካሻ ትምህርት በተቃራኒው ፈረቃ ወይም ቅዳሜ እንዲሆን፣ የሴቶቹ ተራም በፕሮግራም እንዲያዝ በቃለ ጉባኤ ያስጽፉ። መልስ ካጡ የትምህርት ቤቱን ሱፐርቫይዘር ያነጋግሩ። ለመመዝገቢያው ሜዳው የተሣለበት የዚያው ደብተር የመጨረሻ ገጽ ይበቃል።